መታጠፊያው ላይ ማንም ከሌለ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት። እንዴት እንደሰነበትሽማ አውቃለሁ። እግዜር ያጥናሽ፤ ሌላ ምን ይባላል። ቀብሩ ላይ ባለመገኘቴ ይቅር በይኝ። ስልክ ስትደውዪ ነርሷ አንስታ “መናገር አይችሉም” የምትልሽ እውነቷን ነው። መንጋጋዬ ሁለት ቦታ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል፤ ግራ እግሬም ተሰቅሏል። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ ተሳፋሪውን በወሬ ሳደነቁር የኖርኩት ሰውዬ፣ ይኸው በቀጭን ቱቦ ሾርባ እየሳብኩ ዝም ብያለሁ። ወንድምሽ ቢያየኝ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ፌንጣ ብለን ያወጣንለት አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማያውቅ ነው። አንቺ ስሙን እንደማትወጂው ነግሮኛል፤ እኔ ግን ሌላ ስም ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ኖሯል፣ አሁን ደግሞ ከብዕሬ።

“ሃያ ሦስት ሞተር አንድ ላይ ሲሄድ ሁለት ሰው እንዴት ይጠፋል? ዞሮ የሚያይ የለም ወይ?” ብለሽ በነርሷ በኩል ጠይቀሽኛል። ልክ ነሽ፤ ከውጭ ለሚያየው ግራ ነው። ክለባችን ለጉዞ አንድ ደንብ አለው። መሪው ፊት ይሄዳል፣ እኔ መጨረሻ። ጭራ የሚሉኝም ለዚህ ነው። መታጠፊያ ሲደረስ መሪው ከኋላው ላለው ሞተረኛ በእጁ ያመለክተዋል። ያ ሰው ዳር ይዞ ይቆምና የሚመጣውን ሁሉ “በዚህ፣ በዚህ” እያለ ያሳልፋል። ከቦታው የሚነሳው እኔን ሲያይ ብቻ ነው። እኔ እንድለይ ቢጫ ሰደርያ እለብሳለሁ፤ ከኔ በቀር በክለቡ ማንም ቢጫ አይለብስም። መታጠፊያ ላይ የቆመ ሰው ከሌለ ደግሞ መንገዱ ቀጥታ ነው ማለት ነው፤ ሳትጠይቂ ትነጃለሽ። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ስንሄድ አንድ ሰው ጠፍቶብን አያውቅም።

ያን ቅዳሜ ወደ ሞተረኞች ማኅበሩ አርባኛ ዓመት የሜዳ ላይ ስብሰባ ስንሄድ፣ ከመጨረሻው መታጠፊያ በፊት የፌንጣ ሰንሰለት ወለቀ። እኔ ከኋላው ስለነበርኩ አብሬው ቆምኩ፤ ሌሎቹ ቀጠሉ። ደንቡ ነው፣ እኔ ካለሁ ማንም አይጨነቅም። አንድ ሩብ ሰዓት ፈጀብን። ጭጋጉም ያን ጊዜ ወረደ። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ የቆመ ሰው የለም። ቀጥታ ነዳን። ቀጥታው ለጥገና ወደ ፈረሰው ድልድይ የሚወስድ አሮጌ መንገድ ነበር፤ በጭጋጉ ሳናየው ወደቅን። ማገጃውን ማን ወደ ዳር እንደገፋው እስካሁን አልታወቀም።

ሁለተኛውን ጥያቄሽን እንዲህ ልመልስልሽ። አልተሠቃየም። ወዲያው ነው ያረፈው። በዚህ አትብሰልሰዪ።

እስከ ኅዳር መግቢያ ከዚህ አልጋ አልወርድም። ጻፊልኝ። እዚህና እናንተ ከተማ የሚመላለስ የድሮ ባልደረባዬ ሾፌር አለ፤ እሱ ያመላልስልናል።

ጭራ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 15

ጋሼ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እግርዎስ? ደብዳቤዎን ሾፌሩ ሥራ ቦታዬ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። ሦስቴ አነበብኩት። “ወዲያው ነው” የምትለዋን ብቻዋን ስንቴ እንዳነበብኳት ግን አልቆጠርኩም። እግዜር ይስጥልኝ፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ያገኘሁት በሷ ነው።

ሥራ ገብቻለሁ። ቤት ስቀመጥ የወንድሜ ጫማ ያየኛል። የስፌት ቤቱ ኃላፊ ሰው እንዳያስለቅሰኝ ብሎ ጥግ ያለው መኪና ላይ አስቀመጠኝ። የመንገድ ሠራተኞች ሰደርያ ነው የያዝነው፤ አራት መቶ ታዟል፣ ሁሉም ቢጫ።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎ። የጉዞው ዋዜማ ከተረፈው ቁራጭ አንድ ሰደርያ ሰፍቼ አብሯችሁ ለነዳው ባሌ ሰጥቼው ነበር። ደንባችሁን እኔ ከየት አውቄ! ቢጫ ላንድ ሰው ብቻ መሆኑን ከርስዎ ደብዳቤ ነው የሰማሁት። ጨርቁ የበቃኝ ላንድ ሰው ነው። ለባል ልስፋ ለወንድም ስል ለባል አደላሁ። ያንን ልጅ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ የትምህርት ቤት ሱሪውን፣ ሸሚዙን፣ ሁሉን በእጄ ሰፍቼ። በመጨረሻው ቀን ግን ለሱ አልሰፋሁም። ለብሶት ቢሆን ከሩቅ ይታይ ነበር እያልኩ እንገበገባለሁ። ባሌስ ምን አደረገበት? ሲመለስ ብጠይቀው “ከሻንጣዬም አላወጣሁት” አለኝ። ለካ ደንቡን ፈርቶ ነው። በከንቱ ደከምኩ።

አንጀቴን የሚያሳርረኝ ዳቦ ጋጋሪው ነው። መታጠፊያው ላይ የቆመው እሱ መሆኑን ክለቡ ሁሉ ያውቃል። እሱም አይክድም። “ቢጫውን አይቼ ነው የተነሳሁት” እያለ ይምላል ይገዘታል። ቢጫው እርስዎ ነዎት። እርስዎ ደግሞ ከወንድሜ ጋር ሰንሰለት ሲያስገቡ ነበር። ታዲያ የምን ቢጫ ነው ያየው? ሜዳው ሳይሞላ ልድረስ ብሎ ጥሏችሁ ሄደ እንጂ! ከመታጠፊያው እስከ ሜዳው አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ያለ ማንም ጠባቂ መሆኑን እያወቀ።

አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ሰደርያዎን ለብሰው ነበር ወይስ ላንዱ አውሰው?

እህቱ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 21

ልጄ፣

ለብሼ ነበር። እዚህ ሲያመጡኝ በመቀስ ቀደው ነው ያወለቁልኝ። ለማንም አላዋስኩም። መታጠፊያው ላይ ማንም አልነበረም፤ ለመርማሪውም በጽሑፍ የሰጠሁት ቃል ይኸው ነው።

ባለቤትሽ እሑድ መጥቶ ጠይቆኛል። በእጁ የላክሽልኝ ሸሚዞች ልኬ ናቸው፤ አንዱን እጅጌ ለመርፌው እንዲመች በቁልፍ የሚከፈት ማድረግሽን ነርሶቹ እየተጠራሩ አይተውልሻል። ብዙ ቆየ። እኔ እንደሆንኩ አፌ ታስሯል፣ እሱ ነው ያወራው። ከስቷል፤ ምግቡን ተከታተዪለት።

አጠገቤ የተኛው አናጢ ነው። ከጣሪያ ወድቆ ወገቡን ተጎድቶ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ያስጮኻል፤ ቀንስ እንዳልለው አፍ የለኝ። በወረቀት ጽፌ ባሳየው “መነጽሬ የለም” ይለኛል።

ዳቦ ጋጋሪውን ትንሽ ብትታገሺው። አንድ ጊዜ ሞተሬ ተበላሽቶብኝ ዘግይቼ፣ ዝናብ እየወረደበት ሁለት ሰዓት መታጠፊያ ላይ ቆሞ የጠበቀኝ ሰው ነው። ከዚህ በላይ ዛሬ መጻፍ አልቻልኩም። ይቅር በይኝ።

ጭራ

እሑድ፣ ጥቅምት 26

ጋሼ፣

ልታገሥ? እስከ መቼ? ዓመቱ እስኪወጣ?

ያደረግኩትን ከሰው ከሚሰሙ ከኔ ይስሙት። ሐሙስ ጠዋት ዳቦ ቤቱ ሄጄ ሰልፉ መሃል ቆሜ ጠራሁት። “ወንድሜን ጥለኸው የሄድከው የት ለመድረስ ነው?” አልኩት። እጁ ሊጥ እንደሆነ ወጣ። “እህቴ፣ ቢጫ አይቻለሁ። ልጆቼን! አይቻለሁ” አለኝ። ፊቱ ላይ ምራቄን ተፋሁበት። ሰልፉ አንድ በአንድ ሳይገዛ ተበተነ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከሱ የሚገዛ የለም። ክለቡም ሰብስቦ አባሮታል። ከጃኬቱ ላይ ምልክቱን ፊቱ ተረተሩት አሉ። ባሌ ስብሰባው ላይ ነበር፣ ምንም አልተናገረም። የገዛ ሚስቱ ወንድም ሞቶ አንድ ቃል የለውም!

ትናንት ደግሞ ሰውየው መንገድ ላይ አስቆመኝ። ጺሙ አድጎ ሰው አይመስልም። “ምናልባት አላየሁም ይሆናል” አለኝ። “ጭጋጉ ነው መሰለኝ። ሁላችሁም የለም ካላችሁ እኔ ምኔ ሞኝ ነው። ግን ዓይኔ ላይ አለ፣ ቢጫው፣ ሲመጣ” አለኝ። ይኸው፣ በአፉ አመነ ማለት አይደል?

ኅዳር 4 ሰኞ ጠዋት ጣቢያ ቀርቤ ክሱ ላይ እፈርማለሁ። መርማሪው ይታሰራል ብሎኛል። ባሌ ተይው፣ ተይው እያለ ይጨቀጭቀኛል። “ወንድምሽን አይመልስልሽም” ይላል። እንደማይመልስልኝ መች ጠፋኝ? ሆዴ አልበርድ አለ እንጂ። አብረን እየበላን ሳህኑን እያየ ይቀመጣል፤ እኔም እሱን አይቼ ቀድሜ እነሣለሁ።

ጋሼ፣ “ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም” የሚል ሰው የሚጽፈው ነገር አለው። ደብዳቤዎን ገልብጬ ሳነበው ከርሜያለሁ። የሚያውቁት ካለ ከሰኞ በፊት ይንገሩኝ። የፈለገ ቢሆን እችለዋለሁ።

እህቱ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 29

ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ አራተኛ ጊዜ መጀመሬ ነው። ሾፌሩ ነገ ጠዋት ይነሳል፤ የምጽፈውን ልጻፍና ሳላነበው ላሽገው።

ዳቦ ጋጋሪው ቢጫ አይቷል።

ባለቤትሽ ያን እሑድ እዚህ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። ጭጋጉ ሲወርድ ከሻንጣው አውጥቶ ያንቺን ሰደርያ ለበሰ። እኔና ፌንጣ ሰንሰለት ላይ ስንቀር የሰልፉ መጨረሻ እሱ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው የጠበቀው ምን ነበር? ከሁሉም ኋላ፣ ቢጫ የለበሰ አንድ ሰው። ያ ሰው መጣ። በራስ ቁር ውስጥ ፊት አይታይም፤ በዚያ ጭጋግ የሞተሩንም ዓይነት መለየት አይቻልም። ተነሥቶ ከፊቱ ነዳ። ደንቡን ጠብቆ ነው የሄደው። ባለቤትሽም በዚያን ሰዓት ነገሩ አልገባውም፤ እኛ እግር በእግር ከኋላው ያለን መስሎታል። ጭጋጉ ሲገፈፍ ደንቡ ትዝ ብሎት አወለቀው። ሜዳው ላይ ያን ሁሉ ሺህ ሞተርና ሙዚቃ መሃል ማን ማንን ይቆጥራል? ከሰዓት በኋላ ዳቦ ጋጋሪው “ቢጫውን አይቼ ነው” ብሎ ሲጮኽ ነው ለባለቤትሽ የገባው። ያን ጊዜ መናገር ነበረበት፤ አልተናገረም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቀኑ በጨመረ ቁጥር አፉ ከበደው።

አልቅሶ “እሷ ናት የሰፋችው፤ ካወቀች አትተርፍልኝም” አለኝ። እኔም ዝም ያልኩት ላንቺ አዝኜ ነው ብዬ ራሴን ሳታልል ሰነበትኩ። ውሸቴን ነው። ለራሴ ነው ዝም ያልኩት።

መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ፌንጣ ቆመ። እሱ የማይቆመው ልጅ ቆመ። ግራ ገብቶት ዞሮ አየኝ። መንገዱን የማላውቀው አልነበርኩም፤ ከዓመታት በፊት በዚያ አውቶቡስ ነድቻለሁ፣ ስብሰባው በግራ መሆኑን ልቤ ያውቀዋል። ግን ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም ከሌለ ቀጥታ። እጄን አውጥቼ “ቀጥል” አልኩት። ታዞ ሄደ። በመርማሪው ወረቀት ላይ ይቺን አልጻፍኳትም።

ሌላም አለ፤ ካወጣሁት አይቀር። “ወዲያው ነው” ያልኩሽ እውነት አይደለም። አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቷል። እኔ ከሱ ጥቂት ርምጃ እልፍ ብዬ ወድቄ ነበር፤ አፌ ደም ሞልቶ ቃል አልወጣ አለኝ። እሱ ነው የሚያጽናናኝ። “አይዞዎት፣ ሜዳው ላይ ሲቆጥሩ ሁለት ጎደለ ይላሉ፣ አሁን ይመጣሉ” ይለኛል። አንዴ ተቆጥቶ “ምነው አይመልሱልኝም?” አለኝ። አልመለስኩለትም። በኋላ ዝም አለ።

እችለዋለሁ ስላልሽ ጻፍኩት። ለመርማሪውም ቃሌን እንደገና እጽፋለሁ። ሰኞ የምታደርጊውን አንቺ ታውቂያለሽ።

ጭራ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 2

ጋሼ፣

ደርሶኛል። አሁን አልመልስልዎትም።

እህቱ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ልጄ፣

ሽቦውን ዛሬ ፈቱልኝ። የመጀመሪያ ቃሌ ምን እንደነበር ታውቂያለሽ? አናጢውን “ሬዲዮህን ቀንስ” አልኩት። ደነገጠ፤ ዲዳ ነበርኩ ለካ በሱ ቤት።

አሁን በስልክ መነጋገር እችላለሁ። ልደውልልሽ አስቤ ቁጥርሽን ሁለቴ ጀምሬ ተውኩት። ሰኞ ምን ሆነ? ሾፌሩ ዳቦ ቤቱ ተዘግቷል አለኝ። ሁለት መስመርም ቢሆን ጻፊልኝ፣ ስድብም ቢሆን።

ጭራ

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ጋሼ፣

እንኳን ተፈታልዎ። ስልኩን ግን ይተዉት። ድምፅዎን ከሰማሁ እሱ በመጨረሻ ሊሰማው ፈልጎ ያጣው ድምፅ መሆኑ ነው የሚታየኝ።

አልወቅስዎትም ብዬ አልዋሽዎትም። እጅዎን ባወጡባት ቦታ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ሄጄ ሳህን አጠብኩ። ገና አልወጣልኝም። ሸሚዞቹን ግን ይልበሷቸው፤ እነሱ ምን አጠፉ።

ደብዳቤዎን ለባሌ ሰጠሁት። በቁሙ አነበበው። አልካደም። “ጭጋጉ ሲወርድ አንቺ ነሽ የመጣሽብኝ” አለኝ። “ልበሰው፣ ትታያለህ ስትይኝ። እሺ ልበላት ብዬ ለበስኩት” አለኝ። ይህን ከሚለኝ በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን የራሱ እህት ቤት ነው ያለው። ሂድ አላልኩትም፤ ቅርም አላልኩትም።

እኔም የደበቅኩት አለ። እሱ ሲመለስ ሻንጣውን የፈታሁት እኔ ነኝ። ሰደርያው ርጥብ ነበር። ሻንጣው ውሃ አስገብቶ ነው ብዬ አሰጣሁት። ሌላው ልብስ ደረቅ ነበር፣ ጋሼ። ደረቅ መሆኑን እጄ ያውቃል፣ የልብስ ሰው ነኝ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ያን ያህል የጮኽኩት ለምን እንደሆነ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ሰኞ መጀመሪያ ዳቦ ጋጋሪው ዘንድ ነው የሄድኩት። ተዘግቷል። በጓሮ ዞሬ ሚስቱን አገኘኋት፤ ባዶ የዱቄት ጆንያ እያራገፈች ታጥፋለች። ባሏ ወንድሙ ወዳለበት ከተማ ሥራ ፍለጋ ሄዷል። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰደርያውን፣ ባሌን፣ የርስዎን ደብዳቤ። ጆንያዋን ማጠፏን አላቆመችም። “ይሄን ለሱ ንገሪው” አለችኝ። “እኔማ መጀመሪያውኑ አምኜዋለሁ።” አድራሻውን ጠየቅኳት። ጽፋ ሰጠችኝና በሩን ዘጋችብኝ።

ከዚያ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው የክሱን ወረቀት አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። አልፈርምም አልኩት። ለምን እንደሆነ አስረዳሁት፤ ደብዳቤዎንም አሳየሁት። አነበበው። እርስዎም ባሌም ቃላችሁን እንደገና እንድትሰጡ አዘዘና የዳቦ ጋጋሪውን ስም በቀይ ሰረዘው።

“ሌላ የምትከሽው አለ?” አለኝ።

“አለ” አልኩት።

“ማንን?”

“ሰደርያውን የሰፋችውን።”

ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ። ደህና ልጅ ነው፣ አልሳቀብኝም። “እህቴ፣ ልብስ መስፋት ወንጀል አይደለም” አለኝ። “ለዚህ የሚሆን ቅጽ የለንም። ቤትሽ ግቢ።”

አልሄድኩም። አንድ ነገር የሚጽፍልኝ መስሎኝ ጠረጴዛው ፊት ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ ሰውዬ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ “ከጨረሽ ቦታውን ልቀቂልኝ” አለኝ።

ለቀቅኩለት።

እህቱ